ጳጉሜን የማያውቀው ማሽን

የተወለድኩት ነጌሌ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ እኔ በቤት ጉራጊኛ፣ በሰፈር ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ እያወራሁ አደግሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ተማርኩና ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሲቀሩ እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሥራ ያገኘሁት በድርቅ ጊዜ ለገጠሩ ውሃ በቦቴ የሚያደርስ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ወሬ እቀይራለሁ።

እዚያ ቤት የጻፍኩት ፕሮግራም ትንሽ ነበር። ከሊበንና ከአሬሮ በኩል የኩሬ ኃላፊዎች ይደውሉልኛል፤ ውሃቸው ምን ያህል እንደቀረ፣ ስንት ቤተሰብና ከብት በዙሪያው እንዳለ ይነግሩኛል፤ እኔ አስገባለሁ። ፕሮግራሙ ማን ከሁሉ በላይ እንደጠበቀና የማን እንደሚብስ አመዛዝኖ ጠዋት ጠዋት ለሾፌሮቹ የጉዞ ማዘዣ ያወጣል። ከዚያ በፊት ቦቴው የሚሄደው ባለሥልጣኑ ዘመድ ወዳለበት ነበር፤ ይህን ያላወቀ ሰው በከተማው አልነበረም። ፕሮግራሙ ከመጣ በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ደውለው «ተራዬ ደረሰ?» ሲሉኝ እውነቱን መናገር ቻልኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ደግ ነገር ይኼ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ከሥሩ የሚያስኬደው ሌላ ፕሮግራም አለ፤ የተጻፈውን እያነበበ ማሽኑ በሚገባው መንገድ ያሠራዋል። በሙያው ራንታይም ይባላል። ከአንዱ ራንታይም ጋር የተስማማ ፕሮግራም ሌላው ላይ ሲወጣ ሊያነክስ ይችላል፤ ይብስ ብሎ እያነከሰ ደህና የሚሄድ ሊመስል ይችላል። የእኔው ነጌሌ ካለችው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ተስማምቶ ይሠራ ነበር። ቀኑን ሁሉ የምናሰላው በራሳችን አቆጣጠር ስለነበረ ዐሥራ ሦስቱን ወር የሚያውቅ የቀን መቁጠሪያ ጨምሬበት ነበር።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ሰብስበውን በየቦታው የተበተኑት ፕሮግራሞች ሁሉ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ማሽን እንደሚዛወሩ ነገሩን። ሜይንፍሬም የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቁም ሳጥን የሚያህል፣ የራሱ ቀዝቃዛ ክፍል ያለው። በጥር ወር ሥራውን የሚያካሂድ ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ ግን ገና ከመኪና ሲወርድ «የኔ እህት» ብሎ ጀመረኝ። ጠዋቱን ሙሉ ፕሮግራሜን ወደዚያኛው ማሽን ለማዛወር ሞከርን። የቀን መቁጠሪያዬን የዚያኛው ራንታይም አልቀበልም አለ፤ ስሪቱ የቆየ ነበር። ሰውዬው ሰዓቱን አየና «ምሳ እንብላ» አለኝ።

ሆቴል ገብቶ ጥሬ ሥጋ አዘዘ። ያኔ የከተማው በሬ ሁሉ አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ሥጋው ሲመጣ በቢላ ጫፍ ገለበጠውና «ስብ የሚባል የለውም እኮ» ብሎ አስተናጋጁን ገላመጠው፤ ቢሆንም መብላቱን አልተወም።

«ፕሮግራምሽ ችግር የለበትም» አለኝ አፉ እንደሞላ። «ማሽኑ የራሱ ራንታይም አለው። ይጣጣማሉ።»

«የቀን መቁጠሪያውን አልቀበልም ብሏል እኮ። አብረን አየነው።»

«እሱንማ አውጥቼ የማሽኑን እተካበታለሁ። ትንሽ መቀየሪያ እጽፍለታለሁ፣ አለቀ።»

«የማሽኑ የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜስ?»

አዋዜውን በአውራ ጣቱ ከሳህኑ ጠረገና ጣቱን ላሰው። «ጳጉሜ! የኔ እህት፣ አምስት ቀን እኮ ናት። ለአምስት ቀን ብለን አገር አቀፍ ፕሮጀክት እናቁም?» ሳቀ። ጥርሶቹ መሃል የሥጋ ክር ይታየኝ ነበር። እኔ ያዘዝኩትን ሽሮ ሳልነካው ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ እጽፋለሁ ያለውን መቀየሪያ ጻፈና ፕሮግራሙ ተነሣ። እኔ ወዲያው ጳጉሜ አንድ ብዬ አንድ የሙከራ ጥያቄ አስገባሁ። ስክሪኑ «ተመዝግቧል» አለኝ። ዝርዝሩን ስከፍት የለም። ደግሜ አስገባሁ፤ «ተመዝግቧል» አለኝ፤ አሁንም የለም። ስህተት አለ ብሎ ቢጮህ ደስ ባለኝ ነበር። ይህ ግን በትሕትና እሺ ብሎ ተቀብሎ ከኋላ ይጥለዋል። ባለሙያውን ጠርቼ አሳየሁት። ትከሻዬ ላይ ተደግፎ አየውና «ገና ያልደረሰ ቀን ስለሆነ ነው፤ እስከዚያ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ገና ያልደረሰውን መጋቢትን አስገብቼ ማሽኑ እንደያዘው አሳየሁት። ያኔ ላፕቶፑን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከት ነበር።

ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ቢያንስ የድሮዋን ኮምፒውተር ለክፉ ቀን እናቆያት» አልኳቸው።

«ሁለት ቦታ ማዘዣ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የት አየሽ?» አሉኝ። ኮምፒውተሯ በዚያው ሳምንት መጋዘን ገብታ ታሸገች። ከዚያ ወዲህ ሾፌር ማዘዣ የሚያገኘውም ናፍጣ የሚቀዳውም ከአዲስ አበባው ማሽን ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ሆነ።

አዲሱ አሠራር በተመረቀ ዕለት እንግዶች መጡ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደረደረ። አንዱ ከፍቶ ሁለቴ ይጎነጫል፣ ያስቀምጣል፤ ንግግር ሲያልቅ ሌላ ይከፍታል። ሲጨርሱ የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ከየጠርሙሱ የተረፈውን እያንጠባጠበች ጄሪካን ውስጥ ስታጠራቅም አየሁ። ከሰው አፍ የተረፈ፣ ፍርፋሪ የሚንሳፈፍበት ውሃ ነው። ለልጆቿ ልትወስደው ነበር። እንግዶቹ ከአጠገቧ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ ፎቶ አንሺው እንዳትገባበት ብሎ በእጁ ገለል አደረጋት። ኃላፊያችን ስለ ዘመናዊነት ያወሩት እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ማሽኑ በደንብ ሠራ። ማዘዣው ጠዋት ይመጣል፣ ቦቴዎቹ ይወጣሉ። ኃላፊያችን ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት ናት ጳጉሜ?» ይሉኝ ነበር፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ዋናው መሥሪያ ቤት ደጋግሜ ደወልኩ። አንድም ቀን «የያዝነው ጉዳይ ነው» ከሚል ሌላ መልስ አላገኘሁም።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሰማዩ ጠቁሮ ሰው ሁሉ ሲያንጋጥጥ ትንሽ አካፍቶ ሄደ። ሰኔ ላይ ኩሬዎቹ ጭቃ ሆኑ፤ ነሐሴ ላይ ጭቃውም ተሰነጠቀ። የጽሕፈት ቤቱ ቦቴዎች ሁሉ ከአሬሮ መንገድ ሳይመለሱ ይውላሉ።

ጳጉሜ ሲገባ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የመጡትን ጥያቄዎች አስገባሁ። ተመዝግቧል፣ ተመዝግቧል፣ ተመዝግቧል። የማዘዣው ገጽ ባዶ ሆኖ መጣ። ቀኑን ነሐሴ ሠላሳ አድርጌ ሞከርኩ፤ ያለፈ ቀን ተዘግቷል አለኝ። መስከረም አንድ አደረግሁት፤ ተቀበለና ጉዞውን ለመስከረም አንድ ያዘልኝ። ግቢው ውስጥ ውሃ የሞሉ ቦቴዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ከሾፌሮቹ ሁሉ አንጋፋው፣ እኔ ጋሼ የምለው ሰው፣ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ዛሬስ ምነው?» አለኝ።

ባለሙያው ጋ ደወልኩ።

«ሲስተሙ ላይ ከነጌሌ ምንም ጥያቄ አይታይም» አለኝ። «ዝናብ ጥሎላችሁ ይሆናላ።»

«ዝናብ? ጥያቄውን ያስገባሁት እኮ እኔ ነኝ! ጳጉሜ ስለሆነ ጥሎታል። ጥር ላይ አሳይቼህ ነበር።»

«እ… እሱ ነው ለካ። እንግዲህ በዓል ነው፣ ማሽኑን የሚነካው ልጅ ፈቃድ ወጥቷል። መስከረም ሲጠባ በራሱ ይስተካከላል፤ ትንሽ ታገሡ።» ከጀርባው ሰው ይስቃል፣ ብርጭቆ ይጋጫል።

ኃላፊያችን ጋ ሮጥኩ። ቦቴዎቹን ያለ ማዘዣ እንዲለቁ ለመንኳቸው።

«ያለ ማዘዣ ቦቴ ከግቢ ቢወጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ።

«ከብቱ ሲያልቅስ ማን ይጠየቃል?»

«ለከብቱ ተጠያቂው ድርቁ ነው።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ አንዳች አልተንቀሳቀሰም። ለአዲስ ዓመት የገዙትን ሸሚዝ ከላስቲኩ እያወጡ ነበር።

በዚያ ቀንና በማግስቱ ከአሬሮ በኩል አባ ሄሬጋ ደወሉልኝ። አባ ሄሬጋ የሚባለው ከብት በየትኛው ቀን በማን ተራ እንደሚጠጣ የሚያዝዝ ሽማግሌ ነው፤ እኝህን ሽማግሌ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ሁልጊዜ ሰላምታው ይረዝም ነበር፤ ስለ አባቴ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ከተማው ሳይጠይቁኝ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። በመጀመሪያው ቀን «አካም፣ ልጄ? ናጋ?» ብለው ቦቴው መውጣቱን ጠየቁኝ። በማግስቱ ሰላምታ አልነበረም። «የኩሬው ውሃ ይሸታል» አሉኝ። «የጠጡትን ልጆች እያስቀመጣቸው ነው። ሎኑ፣ ከብቱ ሁሉ፣ ጭቃው ውስጥ እየቀረ ነው። ቦቴው የት ደረሰ?»

«አባ፣ አንቱ ትንሽ…» ብዬ ጀመርኩና ታገሡ የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። የዚያ ሰውዬ ቃል ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ከቦቴው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫት ይቅም ነበር። ነገሩን ስነግረው ገለባውን ተፋና ተነሣ።

«መኪናው ውስጥ ያለው ናፍጣ ያደርሰናል» አለ። «መመለሱን እንጃ።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

«አንቺማ ትሄጃለሽ። እኔ ለእነሱ ምን ብዬ ላስረዳ?»

ዘበኛው ማዘዣ ሳይጠይቅ በሩን ከፈተልን። ኃላፊያችን በረንዳው ላይ ወጥተው እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኻሉ፤ ሞተሩ ድምፃቸውን ዋጠው።

ሽታው የተቀበለን ኩሬው ሳይታይ ነው። መስኮቱን ብንዘጋውም ገባ። መንገዱ ዳር ላይ የተነፉ የከብት ሬሳዎች እግራቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል፤ ጥንብ የሚበሉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ጠግበው መብረር አቅቷቸው እየተጎተቱ ከመኪናው ፊት ይሸሻሉ። ኩሬው ጋ ስንደርስ መሃሉ ላይ የቀረችው አረንጓዴ ጥቁር ነገር ላይ አረፋ ቆሞባታል። ዳሩ ላይ ከብቶች እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጠዋል፤ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ዓይኑን ያርገበግባል፤ በሕይወት ባሉት ዓይን ላይ ዝንብ ሰፍሮ ጭራቸውን የሚያነሱበት አቅም የላቸውም። አንዲት ሴት ከአንዲት የሞተች ጊደር አጠገብ ተንበርክካ ያንኑ ውሃ በሻሿ እያጠለለች ጄሪካን ትሞላ ነበር። ሻሹ ላይ የቀረው ነገር ይንቀሳቀሳል።

ከቦቴው ወርጄ ጎማው ሥር አስመለሰኝ። ጋሼ የሚጠጣ ውሃ አቀበለኝ፤ አፌ ጋ አድርሼ መለስኩለት። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ንጹሕ ውሃ መዋጥ ራሱ አስጠላኝ።

ውሃውን መልቀቅ ስንጀምር ከብቶቹ ሸቷቸው ከየአቅጣጫው መጡ። መቆም የማይችለው ሁሉ ይመጣል፤ የወደቀው ላይ ሌላው ይረግጣል። ሰዎቹ በዱላ እየመለሱ መጀመሪያ ሰው እንዲቀዳ አደረጉ። አባ ሄሬጋ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር፤ ቢሆንም ተራውን እየጠሩ ያዝዛሉ። የእሳቸው የምትታለብ ላም በዚያ ንጋት ሞታ ቆዳዋ ገና ተገፎ እሾህ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ከተረጋጋ በኋላ እኔ ጋ መጡ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በኦሮምኛ ነገርኳቸው።

«አዲስ አበባ ያለው ማሽን ጳጉሜን አያውቅም፣ አባ። ለእሱ እነዚህ ቀኖች የሉም። የደወላችሁትን ሁሉ ጣለው።»

«ቀኑ የለም?» አሉ። ዞረው ኩሬውን አዩ። «እኛ ግን እዚህ ነበርን።»

«አውቃለሁ።»

«ማሽኑን የሠራው ሰው ነው?»

«ፕሮግራሙን ለማሽኑ ያስተካከለው ሰው ነው፤ አዎ።»

«ሰውዬው ጳጉሜን ያውቃል?»

«ያውቃል፣ አባ። ነግሬዋለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። ስለማሽኑ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ስንመለስ ነጌሌ ሳንደርስ ናፍጣው አለቀ፤ በአንድ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ገባን። ጋሼ በማግስቱ ከሥራ ታገደ፤ ለእኔ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ኃላፊያችን የሁሉንም ቁልፍ ስለወሰዱ ሌሎቹ ቦቴዎች በዓሉ እስኪያልፍ ከግቢ አልወጡም።

መስከረም ሲጠባ ማሽኑ እውነትም በራሱ ተስተካከለ። ማዘዣው ጎረፈ። ሳየው ደሜ ፈላ። የጳጉሜ ጥያቄዎች ስላልተመዘገቡ ያን ሁሉ ቀን የጠበቁት ሰዎች ለማሽኑ አዲስ ጠያቂ ሆነው ነበር፤ ዛሬ ከደወለው ጋር እኩል ተሰለፉ፤ ከዚያም ነሐሴ ላይ ተመዝግቦ ከቆየው ኋላ ገቡ። ከሁሉ የባሰባቸው ከሁሉ ኋላ ሆኑ። በእጄ ላስተካክል ብሞክር ፈቃድ የለሽም አለኝ።

በጥቅምት የሽግግሩ ግምገማ ተደርጎ እኛም ተጠራን። ባለሙያው ቆሞ ሥራው ያለ አንዳች መቋረጥ መካሄዱን አቀረበ። እጄን አውጥቼ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሬሳውን፣ ሻሹን፣ ሁሉንም። ሰብሳቢው ባለሙያውን መፍትሔ ጠየቁት። ባለሙያው ለጥያቄው ተዘጋጅቶበት ነበር።

«ቀላል ነው» አለ። «ነሐሴ ሠላሳን ክፍት አድርገን እንተወዋለን። በጳጉሜ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ነሐሴ ሠላሳ ብለው ያስገቡ።»

«የጠበቁበት ቀን ይበላሻል እኮ» አልኩ። «በአምስተኛው ቀን የደወለውና በመጀመሪያው የደወለው እኩል ይሆናሉ። ትክክለኛው የቀን መቁጠሪያ የሚሠራበት አዲስ ራንታይም ይጫንለት።»

«እሱ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች አይስማማም» አለኝ። አጨበጨቡለት። ስለ ሾፌሩ ስጠይቅ ሰብሳቢው የዲሲፕሊን ጉዳይ እዚህ አይነሣም አሉ። ሲያልቅ ለሽግግሩ መሳካት ላደረግሁት አስተዋጽኦ ብለው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ከባለሙያው ጋር እንድጨባበጥ ፎቶ አንሺ መጣ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ወፍራም፣ እርጥብ እጅ። አልያዝኩትም። ወረቀቱን ኬክ የተቆረጠበት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ፤ ክሬሙ ሲመጠጥበት አይቼዋለሁ።

ለጋሼ መሰከርኩለት፤ ምስክርነቴ ግን ጥፋቱን ከማረጋገጥ ሌላ አልጠቀመውም፤ ያለ ማዘዣ መውጣቱን አልካድንምና። ከቦቴ አውርደው መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። ጥቂት ከቆየ በኋላ ትቶላቸው ወጣ፤ አሁን ወደ ሞያሌ በሚመላለስ አይሱዙ ላይ ነው። እኔም በዚያው ዓመት ለቀቅሁ። አባቴ ሱቅ ጎን አንድ ክፍል ከፍቼ ለመድኃኒት ቤቶችና ለወፍጮ ቤቶች ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ ፕሪንተር እጠግናለሁ። ኃላፊያችን አድገው አዲስ አበባ ገቡ። ባለሙያው፣ እንደሰማሁት፣ ስለ ሽግግር ሥልጠና ይሰጣል።

ባለፈው ጳጉሜ በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ልጅ ደወለችልኝ። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ስላስቸገርኩ። ጥያቄ አስገባለሁ፣ ተመዝግቧል ይለኛል፣ ግን አላገኘውም። ምን ላድርግ?»

በግምገማው የተወሰነውን የነገራት የለም። የራንታይሙን ታሪክ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከስልኩ ጀርባ ሌላ ስልክ ይጮህ ነበር፤ ከገጠር የሚደውል ሰው እንዳለ አወቅሁ።

«ነሐሴ ሠላሳ ብለሽ አስገቢው» አልኳት።

«እውነት? ቀኑ ግን…»

«ውሸት ነው። አስገቢው፣ ቦቴው ይውጣ።»

አመሰገነችኝ። በፈጠርኩት ፕሮግራም እንዴት እንደሚዋሽ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ከልቧ አመሰገነችኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። በማግስቱ ግን ቦቴዎቹ በበሬ ፊት ለፊት ተከታትለው ወደ አሬሮ ሲያልፉ አየሁ፤ ከኋላቸው ያለው ቧንቧ በደንብ ስላልተዘጋ ውሃ እያንጠባጠበ ነበር።